ድሬ ሼክ ሁሴን፦ ቁባው የሚጠገነው ለማን ነው?

ስለ ጥንታዊ ሕንፃ እድሳት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የበጀት ጉዳይ ነው። በባሌው ድሬ ሼክ ሁሴን ግን ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ ችግሩ እዚያው ነው፤ የትኛውን ዘመን ልንመልስ ነው የምናድሰው?

ከሮቤ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ አናጂና ላይ ያለው ይህ ነጭ ቅጥር በ13ኛው ክፍለ ዘመን በባሌ እስልምናን ያስፋፉት ሼክ ሁሴን ያረፉበት ነው። ቁባውን፣ ማለትም በመቃብራቸው ላይ ያለውን ጉልላታማ ሕንፃ፣ ያሠሩት ግን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሐረርን የገዙት አሚር አብዱልሸኩር እንደሆኑ ይነገራል። ሼኩ ካረፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ ያውም በሌላ ከተማ አሚር ትእዛዝ የተሠራ ሕንፃ ነው ማለት ነው። «ወደ ጥንት ይዞታው እንመልሰው» የሚለው የተለመደ አነጋገር እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ይበልጥ የሚያስቸግረው ደግሞ ተሳላሚው ነው። ዑሌ የተባለችውን ባለ መንታ ጫፍ በትር ይዞ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ሰው ወደ መቃብሩ የሚገባው ጎንበስ ብሎ፣ እንዲያውም በጉልበቱ ድኾ ነው፤ በሩ ጠባብና ዝቅተኛ ነውና። ከቅዱሱ ስፍራ ጃዋራ የሚሉትን ነጭ አፈር ፊቱን ይቀባል፣ ለቤተሰቡም ቋጥሮ ይወስዳል። የሙዚየም ሰው ይህን ቢያይ «አትንኩ» የሚል ሰሌዳ ይሰቅላል፤ ለጎብኚ እንዲመች ብሎም በሩን ያሰፋል። ሁለቱም ስሕተት ይመስሉኛል። ያ በር ከሰፋ መጎንበሱ ይቀራል፤ አፈሩ ከተከለከለም በረከት ፍለጋ የመጣው ሰው ተራ ጎብኚ ሆኖ ይመለሳል።

ስለ ጥገናው ቁስ ግን ልንደራደር አይገባም። ኖራ የተቀባ አሮጌ የድንጋይ ግንብ እርጥበቱን ወደ ውጭ ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ከተለሰነበት ውኃው ውስጥ ይታፈንና ግንቡ ከውስጥ መፈርፈር ይጀምራል፤ ጉዳቱ የሚታየው ልስኑ ሲነሳ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገን የደነገገው በቅን ልብ የሚደርስን እንዲህ ያለ ጥፋት ለመከላከል ጭምር ነው። ባለሙያ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አለመሆኑንም ላሊበላ አስተምሮናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ለጊዜው ተብለው የተተከሉት ከለላዎች ከዐሥር ዓመት በላይ ቆመው፣ እነሱ ራሳቸው የአካባቢው ሰው ስጋት ሆነዋል።

ድሬ ሼክ ሁሴን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 ዋናው መዝገብ ገብቷል። ምዝገባው በራሱ ጊዜ ይምጣ። ሮቤ ላይ ያለው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ግን ተማሪዎቹን ልኮ እያንዳንዱን ግንብና በር ያስለካ፣ ፎቶ ያስነሳ፣ ቅጥሩን የሚጠብቁት አባቶች ስለ ጥገናው የሚያውቁትን ያስመዝግብ። ይህ ሳይሠራ ማንም በቁባው ላይ አካፋ ባያነሳ ይሻላል።