«የብር ጥይት የለም» ስለ ተባለው ጽሑፍ አጭር ሂስ

ፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ብሩክስ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የኦ ኤስ 360ን የፕሮግራም ሥራ የመሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1986 «የብር ጥይት የለም» በሚል ርእስ ያቀረቡት ጽሑፍ ስለ ኮምፒዩተር ሥራ ለሚያጠና ተማሪ ዛሬም መነሻ ነው። በአውሮፓ ተረት ሰው መሳዩን ተኩላ የሚገድለው የብር ጥይት ነው፤ ለሶፍትዌር ችግር ግን እንዲህ ያለ ጥይት አይገኝም ማለታቸው ነው።

ደራሲው የአርስቶትልን አከፋፈል ተከትለው ውስብስብነትን በሁለት ይለዩታል። አንደኛው ከሥራው ከራሱ የሚመነጭ ባሕርያዊ ነው፤ ሁለተኛው ከመሣሪያና ከአሠራር የሚመጣ፣ ደራሽ ልንለው የምንችለው ነው። እስከዚያ ዘመን የተገኘው ታላቅ መሻሻል ደራሹን በማስወገድ የመጣ ሲሆን፣ የቀረው ከባዱ ባሕርያዊው ነው ይላሉ።

ይህን ለአንድ ፕሮግራም ሲሆን እንቀበለዋለን። ለአንድ ትልቅ ድርጅት ግን ይበቃል ብለን አናምንም። ለዚህም የእንግሊዙን ቲ ኤስ ቢ ባንክ እንጠቅሳለን። ባንኩ በ2013 ከሎይድስ ባንክ ሲለይ፣ ሥራው በሎይድስ ኮምፒዩተሮች ላይ በክፍያ ቀረ። በ2015 የስፔኑ ሳባዴል ባንክ ገዛው፤ ወደ ራሱም ሲስተም ሊያዛውረው ተነሣ። ይህ ጥልፍልፍ ገንዘብ ከማስቀመጥና ከማበደር ባሕርይ የመጣ አይደለም። በብሩክስ ሚዛን ደራሽ ነው። ዳሩ ግን 5.2 ሚሊዮን ደንበኞች ስለ ተደገፉበት፣ ከባሕርያዊው ያላነሰ ከባድ ሆኖ ተገኘ። በኤፕሪል 2018 አብዛኛው በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሲዛወር፣ ብዙ ሰዎች ከገዛ ሒሳባቸው ተቆለፈባቸው፤ ባንኩም ፈጽሞ ወደ ቀድሞ አሠራሩ የተመለሰው በዲሴምበር ነው። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ የምንነቅፈው የደራሲውን ክፍፍል እንጂ ምክራቸውን አይደለም። በዚያው ጽሑፍ ሶፍትዌር እንደ ቤት በአንድ ጊዜ ከሚሠራ ይልቅ እንደ ተክል ቀስ እያለ ቢያድግ ይሻላል ብለዋል፤ የቲ ኤስ ቢ ሹማምንት ይህን ቢሰሙ ኖሮ ጉዳቱ ባነሰ ነበር። በክፍፍላቸው ውስጥ ግን ደንበኛው ቦታ የለውም። ስለዚህ አንድን አሮጌ ሲስተም ለመንቀል የሚነሣ ሰው «ይህ ውስብስብነት ከየት መጣ?» ከማለቱ በፊት፣ «ዛሬ ማን ተደግፎበታል?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው ይመስለናል።