«ያልተፈለገ» ፈረስ

መቼም ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው አንድ የማይለቀው አመል አለው። ጋዜጣ ሲያነብ ዜናውን ትቶ ቃሉ ላይ ይንጠለጠላል። ሰሞኑን እኔን ያንጠለጠለኝ «ያልተፈለጉ ፈረሶች» የሚል ሐረግ ነው። የአሜሪካ የፈረስ ሐኪሞች ማኅበር በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ) በዚሁ ርዕስ ትልቅ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሐረጉ የሙያው ቃል ሆኖ ቀረ። እሺ፣ ያልተፈለጉ። በማን? ተደራጊ ግሥ አንድ ምቾት አለው፤ አድራጊውን በጓሮ በር ያስወጣዋል። ፈረሱ ተወለደ፣ ተገራ፣ ተጋለበ፣ ተሸጠ፣ በመጨረሻም ያልተፈለገ ሆነ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ሰው የለም።

ነገሩን በአንድ ፈረስ ልንገራችሁ። ፈርዲናንድ ይባላል፤ ዳማ ፈረስ ነበር። በ1986 የኬንተኪ ደርቢን ሲያሸንፍ ጋላቢው ቢል ሹሜከር የ54 ዓመት ሰው፣ አሠልጣኙ ቻርሊ ዊቲንግሃም የ73 ዓመት አዛውንት ነበሩ። የሁለት ሽማግሌዎች ድል ነው ተብሎ አገር ጉድ አለ። በማግስቱ ዓመት የብሪደርስ ካፕ ክላሲክን ወስዶ የአሜሪካ የዓመቱ ፈረስ ተባለ። በሩጫ ዘመኑ ለባለቤቶቹ ከ3.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ከዚያ ድንጉላ ሆኖ ለርቢ ገባ። ልጆቹ ግን እንደ አባታቸው አልሆኑም። በ1994 ለጃፓን ተሸጠ። ሆካይዶ ደሴት ላይ ጥቂት ዓመታት ባዝራ ሲያመጡለት ቆዩና እዚያም ገበያው ቀዘቀዘ።

በ2003 ለአንድ የአሜሪካ የፈረስ መጽሔት የምትጽፍ ጋዜጠኛ «ያ ፈረስ የት ደረሰ?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ ለወዳጅ ተሰጥቷል ተባለች። ቀጥሎ ተኮላሽቶ ሩቅ አገር አንድ የግልቢያ ክበብ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም አሏት። አልለቅ ስትል እውነቱ መጣ፤ ባለፈው ዓመት «ተወግዷል»። ዕድሜው 19 ነበር።

ልጅ ሆነን በሬዲዮ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደባቸው» ሲባል እየሰማን ያደግን ሰዎች ይህን ዓይነት ግሥ ለማወቅ መዝገበ ቃላት አያሻንም።

ሲያነቡት ያልገረመኝ ለምን መሰላችሁ? ታሪኩን ቀድሜ አስተምሬዋለሁና ነው። በኦርዌል «አኒማል ፋርም» ቦክሰር የተባለው ፈረስ ጉልበቱን ጨርሶ ሲወድቅ ወደ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ ብለው ያሳፍሩታል። ጋሪው ላይ የፈረስ አራጅ ስም ተጽፏል። ያን የሚያነብላቸው አህያው ነው፤ ግን ዘግይቶ። ኋላ ደግሞ ጋሪውን ሐኪሙ ከአራጁ ገዝቶት ጽሑፉን ገና ሳያጠፋው ነው የሚል ማስተባበያ ይመጣል። የሆካይዶው «የግልቢያ ክበብ» ከዚህ በምን ይለያል?

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዳይ ኦርዌል አይበቃኝም። የእርሱ ፈረስ ለሠራተኛው ሕዝብ የቆመ ምልክት ነው፤ አንባቢው ለፈረሱ ሳይሆን ለአብዮቱ ያለቅስና መጽሐፉን ይዘጋል። ፈረስን ፈረስ አድርጎ የጻፈው ቶልስቶይ ነው። «ኮልስቶመር» የተሰኘውን ታሪክ ጀምሮት ለብዙ ዓመታት ካስቀመጠ በኋላ በ1886 አሳተመው። ተራኪው ራሱ ፈረሱ ነው። ዘሩ የታወቀ፣ ሩጫው ወደር የሌለው፣ ግን ቡራቡሬ ሆኖ በመወለዱ የተኮላሸ። ይህ ፈረስ አንድ የሰው ቃል ፈጽሞ አይገባውም፤ «የእኔ» የሚለው ቃል። «የእኔ ፈረስ» የሚለው ሰውዬ አይመግበውም፣ አያጥበውም፣ ብዙ ጊዜም አይጋልበውም። የሚመግበው ሌላ ነው። ታዲያ «የእኔ» ማለት ምን ማለት ነው? ሽክሎቭስኪ የተባለው ሩሲያዊ ሃያሲ ስለ ኪነ ጥበብ ብልሃት በጻፈው ዝነኛ ድርሰት ይህን ቦታ እንደ ምሳሌ ወስዶታል፤ እኛም «ማንግዳት» ምናምን እያልን ተማሪ ስናስጨንቅበት ኖረናል። እኔ ዛሬ የሚታየኝ ሌላ ነው። «ያልተፈለገ» የሚለው ቃል የ«የእኔ» ሌላኛው ጫፍ ነው። የእኔ ያለው ሰው ብቻ ነው አልፈለግሁም ማለት የሚችለው።

ኮልስቶመርን ያጠፋው መኮንን፣ ውሽማው ከድታው ሄዳ ሊደርስባት ፈረሱን እስኪሰበር ያስጋልበዋል። ዓመታት አልፈው ያው ሰው ከስሮና ተጫጭኖት እንግድነት ይመጣል፤ ፈረሱ ያውቀዋል፣ እርሱ አላወቀውም። ፈረሱ እከክ ይዞት ይታረዳል፤ ቢላዋው አንገቱ ላይ ሲያርፍ ሊያክሙት የመጡ ይመስለዋል። ቆዳው ይሸጣል፣ ሥጋውን የተኩላ ግልገሎች ይበሉታል፣ አጥንቱን አንድ ገበሬ ለቅሞ ይወስዳል። የመኮንኑ ሬሳ ግን ደንብ ልብስና ጫማ ተደርጎለት ይቀበራል፤ ለማንም ለምንም አይጠቅምም።

አንድ ጊዜ ይህን ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ታዲያ ቶልስቶይ እርዱን ደግፏል ማለት ነው?» አለችኝ። እንደ መምህር ወግ «ጥያቄው እርሱ አይደለም» ብዬ አለፍኳት። አጠፋሁ። ጥያቄው እርሱ ነበር።

አሜሪካኖቹ ይኸው ጥያቄ ቀርቦላቸው የሆነውን እንይ። ከፈርዲናንድ በኋላ ቁጣው በርትቶ በቴክሳስ ሁለት፣ በኢሊኖይ አንድ የቀሩት የፈረስ ቄራዎች በ2007 ተዘጉ። ደስታ ሆነ። በ2011 የምክር ቤቱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ቆጥሮ ሲያቀርብ ግን፣ በ2010 ብቻ ወደ 138 ሺህ ፈረሶች ለእርድ ወደ ካናዳና ሜክሲኮ ተጭነዋል። ቄራዎቹ ሳይዘጉ ይታረድ ከነበረው ጋር ተቀራራቢ ነው። ለነገሩ ሁሉም የሩጫ ፈረሶች አይደሉም። ልዩነቱ መንገዱ መርዘሙ ነው፤ ፈረሶቹን ያለ ውሃና ያለ መኖ እስከ 28 ሰዓት መኪና ላይ ማቆየት በደንብ የተፈቀደ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2015 ጀምሮ ከሜክሲኮ የፈረስ ሥጋ አልገዛም ካለ በኋላ ቁጥሩ በጣም ወረደ። ኅብረቱን ያሳሰበው ፈረሶቹ የሚወጉት መድኃኒት ለበላተኛው አስጊ መሆኑ ነው። አያችሁ፣ ከሞራል ክርክሩ ይልቅ የበላተኛው ሆድ ሠራ! አውስትራሊያም ቢሆን የአገሪቱ ቴሌቪዥን በጥቅምት 2019 የሩጫ ፈረሶችን የቄራ ምስል እስኪያሳይ ድረስ የሩጫው አለቆች ለፈረሶቻችን መጦሪያ አለን ሲሉ ነበር።

እኔ ፈረስ መታረዱ አይደለም የሚከነክነኝ። ይህን ስል የሚቆጣኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኛ እኮ ዕድሜ ልኩን ያረሰልንን በሬ አደልበን አርደን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ማንም «ውለታ ቢስ» አላለንም። በሬው ግን ቢያንስ ሻምፒዮን ነህ ተብሎ በአበባ አልተሸለመም። የሚከነክነኝ ሒሳቡ ነው። ፈርዲናንድ ደርቢን ባሸነፈበት በዚያው በ1986 በሰሜን አሜሪካ ከ51 ሺህ በላይ የሩጫ ዘር ግልገሎች ተመዝግበዋል፤ ክብረ ወሰን ነው። ዛሬ ከ20 ሺህ በታች ወርዷል። ፈረስ ሩጫ የሚጀምረው በሁለት ዓመቱ ነው፤ ሃያ አምስት ዓመትም ሊኖር ይችላል። ያሸናፊው ቦታ ደግሞ አንድ ነው። የቀሩት በሺህ የሚቆጠሩት የት እንዲገቡ ታስቦ ተወለዱ? አርቢው ይህን የሚያውቀው ግልገሉ ከመወለዱ በፊት ነው። ቄራው የመጨረሻው ገጽ ብቻ ነው፤ ደራሲው ግን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው ያለው።

እኛስ? በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝብ ሲጮህ ተዘጋ፤ ጥሩ ነው። ጩኸቱ ግን ይበልጡን «በከተማችን አህያ ታርዶ!» የሚል መጸየፍ ነበር። ለአህያው ጀርባ የጮኸ ብዙም አልሰማሁም።

ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ሀብተ ጊዮርጊስን አባ መላ የሚል ሕዝብ ነን፤ ጌታውን በፈረሱ እንጠራለን። አያቴም ሰሜን ሸዋ ውስጥ አንድ ዳማ ነበራቸው። በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በጥምቀት የሚታወቁት በእርሱ ነበር። አርጅቶ ጀርባው አልድን ሲል ለክረምት መግቢያ አካባቢ ሜዳ ላይ ለቀቁት። እኔ ሰባት ወይም ስምንት ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ወደ ግቢው ይመለስና አጥሩ ሥር ይቆማል፤ እንዳባርረው ይልኩኛል፣ እኔም በጠጠር አባርረዋለሁ። አንድ ጠዋት አልመጣም። «ጅብ በላው» አሉ አያቴ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ዓረፍተ ነገሩ አድራጊ አለው፤ ጅብ።

ኮርቻው እስከ ዛሬ አጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ አቧራው ይራገፍለታል።