ተዋናዩ ምን ያያል?

አዲስ የምስል ቴክኖሎጂ በመጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስለ ተመልካቹ ዓይን ነው፤ ምስሉ ምን ያህል ጠራ፣ ምን ያህል ገዘፈ። እንጀራዬ ካሜራ ነውና የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ መሣሪያው ቀረጻ ላይ ለቆሙት ሰዎች ምን አመጣላቸው?

እ.ኤ.አ. በ2012 ዳይሬክተሩ ፒተር ጃክሰን «ዘ ሆቢት»ን በሰከንድ 48 ፍሬም ቀርጾ አቀረበ። የተለመደው 24 ነው። በ24 የተቀረጸ የሚወዛወዝ እጅ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ ብዥ ይላል፤ ኤዲቲንግ ላይ ምስሉን ብታቆሙት ጣቶቹን መቁጠር ይቸግራል። ዓይናችን ፊልም ብሎ የለመደው ያንን ብዥታ ነው። ፍሬሙ ሲጨምር ብዥታው ቀነሰ፤ ሜካፑና የተለጠፈው ጢምም አብረው ጠሩ። ቴሌቪዥን መሰለን ያሉ ሃያሲያን ብዙ ነበሩ። ፊልሙ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ቢያስገባም 24 ዛሬም ከወንበሩ አልተነሣም። ጀምስ ካሜሮን እንኳ በ2022ቱ «አቫታር» 48ን የተጠቀመው ለተመረጡ ትዕይንቶች ብቻ ነው።

ከ«ዘ ሆቢት» እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከካሜራው ፊት የሆነው ነው። ጃክሰን ቀደም ብሎ «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ሲሠራ ረጅሙን ጠንቋይ ጋንዳልፍን ወደ ካሜራው አስጠግተው፣ አጫጭሮቹን ሆቢቶች አርቀው በማስቀመጥ ቁመታቸውን ያበላልጡ ነበር። «ዘ ሆቢት» ግን በ3ዲ ተቀረጸ፤ 3ዲ ርቀቱን ስለሚያጋልጥ ያ ብልሃት አልሠራም። ስለዚህ ጋንዳልፍን የሚጫወተው አንጋፋው ኢያን ማኬለን ለብቻው አረንጓዴ ክፍል ገብቶ፣ አብረውት የሚጫወቱት ድንኮች ፎቶ ከተሰቀለባቸው ማቆሚያዎች ጋር ሲነጋገር ዋለ። ተስፋ ቆርጦ ማልቀሱን ራሱ ተናግሯል።

በኋላ በሌላ ዳራ የሚተካውን የአረንጓዴ ጨርቅ ጣጣ እኛም እናውቀዋለን። ነጠላ ያጣፋች ተዋናይት ጨርቁ ፊት ስትቆም ነጩ ሸማ አረንጓዴውን ይስባል። ሶፍትዌሩ ጨርቁን ሲያጠፋ የነጠላውን ጠርዝና ቁጭት አብሮ ይበላል። መድኃኒቱ ተዋናይቷን ከጨርቁ ማራቅ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ወዴት?

በ2019 የወጣው ተከታታይ ፊልም «ዘ ማንዳሎሪያን» መልስ ያመጣው እዚህ ጋ ነው። ተዋናዮቹን 6 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ክብ የኤልኢዲ ስክሪን ከበባቸው። በጌም ሶፍትዌር የተሠራው በረሃ ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀሳል። የዋናው ገጸ ባሕርይ የራስ ቁር እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ቢሆን ኖሮ አረንጓዴ በሆነ ነበር። እዚህ ግን ብረቱ ላይ የሚያርፈው የበረሃው ሰማይ ነው፤ ተዋናዩም የቆመበትን ዓለም ያየዋል። ሲኒማቶግራፈሩ ግሬግ ፍሬዘር ዘዴውን በ2022 ወደ «ዘ ባትማን» ወሰደው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የምትገኘውን ብርሃን ሲያሳድድ የኖረ ሁሉ ጥቅሙ ይገባዋል፤ እኛ ሀገር ያቺ ብርሃን ቶሎ ታመልጣለች፣ ስክሪኑ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ትቆማለች።

ዋጋም አለው። ፎከሱ ስክሪኑ ላይ ካረፈ ምስሉ ላይ የመስመር ሞገድ ይወጣል። ከዚያ በላይ ግን፣ ድሮ ከቀረጻ በኋላ ይሠራ የነበረው ዳራ አሁን ከቀረጻ በፊት ማለቅ አለበት። ትልልቆቹን ፊልሞች በእርግጥ የሚለውጠው ይህ ይመስለኛል፤ ዳይሬክተሩ የሚፈልገውን የሚወስንበት ጊዜ ቀድሟል። ችግር በገጠመ ቁጥር «ኤዲቲንግ ላይ ይስተካከላል» ማለት ለለመድን ሰዎች፣ ከስክሪኑ ዋጋ ይልቅ የሚከብደን ይህ ነው።