ዐይን ሄዶ ሰውነት ሲቀር

የሰው ሰውነት እንደ አንድ ሸንጎ ነው። ዐይን፣ ጆሮ፣ ቆዳና ጡንቻ ምስክሮች ናቸው፤ አእምሮ ደግሞ ዳኛ ነው። የምስክሮቹ ቃል አንድ ሲሆን ዳኛው ሳይቸገር ይፈርዳል፤ ሰውየውም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ምስክሮቹ ሲጣሉ ግን ሸንጎው ይታወካል፤ የሁከቱም ዕዳ የሚወድቀው ነገሩን ባልጀመረው በሆድ ላይ ነው። አሁን ልጽፍበት ያሰብሁት ጉዳይ ከዚህ ከምስክሮች ጠብ የሚወጣ ነው፤ ይኸውም በራስ ላይ እየታሰረ የሚታየው ‹ቪአር› የተባለው መነጽር በሚያጫውታቸው ጌሞች ምክንያት በተጫዋቹ ላይ የሚመጣው ማዞርና ማጥወልወል ነው።

ብዙ ወጣቶች ይህ ሕመም ሲይዛቸው ያፍራሉ፤ ጓደኞቻቸውም ይሥቁባቸዋል። እኔ ግን በዚህ ነገር ሊፈረድበት የሚገባው ጨዋታው እንጂ ተጫዋቹ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም እነሆ እዘረዝራለሁ።

መነጽሩ ድንገት የተገኘ ነገር አይደለም። ኢቫን ሳዘርላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በራስ ላይ የሚደረግ የኮምፒዩተር ማሳያ ከተማሪዎቹ ጋራ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም አስታወቀ። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያም በ1995 ‹ቨርቹዋል ቦይ› የሚባል ዕቃ አውጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ራስ ያሳምማል፣ ዐይን ያደክማል ተብሎ ገዢ ስላጣ ብዙ ሳይቆይ ተተወ። ከዚያ በኋላ ፓልመር ላኪ የሚባል ወጣት በ2012 ‹ኦኩለስ› የተባለውን መነጽር ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ ሰበሰበ፤ ዛሬ ሜታ የሚባለው ፌስቡክም በ2014 ድርጅቱን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። በ2016 መነጽሩ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ፤ በ2019 ደግሞ ያለ ሽቦና ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ብቻውን የሚሠራው ‹ኩዌስት› ተከተለ። በአዲስ አበባ በገበያ አዳራሾች በደቂቃ ሒሳብ እየተከፈለ የሚታይበት ቦታ አለ። ወደ ሸዋ ሮቢትም ቢሆን ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት ሊመጣ ይችላል፤ ፕሌይስቴሽን ቤት መግባት የለመደ ልጅም ባገኘው ጊዜ ለመሞከር መቸኮሉ አያጠራጥርም።

የሕመሙን ጠባይ ለማወቅ ግን የይፋት ሰው መነጽር አያስፈልገውም፤ ጣርማ በር ይበቃዋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ አውቶቡስ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር፣ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ በፈለፈሉት ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ሲወጣ ቁልቁለቱ ይጀምራል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲናን ያልፋል፤ ከዚያም ብርዱ ወደ ሙቀት እየተለወጠ፣ ገብሱ ቦታውን ለማሽላና ለማሾ እየለቀቀ፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነችው ወደ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። በዚህ ቁልቁለት ረዳቱ ፌስታል ያድላል፤ እናቶች ሎሚ ያሸታሉ፤ ሕፃኑ በእናቱ ጭን ላይ ተደፍቶ ያስመልሳል፤ ቅድም በወሬ ሲያደምቅ የነበረውም ጎበዝ ዝም ይላል። ማንም ግን በማንም አይሥቅም። በመኪና ውስጥ መስኮት መክፈት በማይወደድበት በእኛ አገር እንኳ «ኧረ ክፈቱለት፤ አይዞህ» የሚል አይጠፋም።

ብዙ ሰዎች በዚህ መንገድ ላይ የጆሮን መደፈንና የሆድን መታወክ አንድ አድርገው ይቆጥሯቸዋል። መደፈኑ ከፍታው ሲለወጥ የአየሩ ግፊት አብሮ ስለሚለወጥ የሚመጣ ነው፤ ምራቅ ሲዋጥ ይለቃል። የማጥወልወሉ ምንጭ ግን ከዚያ ጠልቆ በውስጠኛው ጆሮ ነው። በእያንዳንዱ ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ራስ ሲዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀርና በቦዩ ውስጥ ያሉትን ረቂቅ ፀጉሮች ያጎነብሳቸዋል፤ በዚህም አእምሮ ራስ ወዴት እንደ ዞረ ያውቃል። በአጠገባቸው ደግሞ ጥቃቅን ጠጠሮች የተቀመጡባቸው ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ እነዚህም መፍጠንንና መቆምን፣ መውጣትንና መውረድን ያስታውቃሉ። እንግዲህ ተሳፋሪው የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ወይም ስልኩን ሲመለከት ዐይኑ «ቆመናል» ይላል፤ ጆሮው ግን «እየተጠማዘዝን እንወርዳለን» ይላል። የምስክሮቹ ጠብ ይኸው ነው።

በመነጽሩ ውስጥ ይኸው ጠብ ተገልብጦ ይመጣል። ተጫዋቹ በቤቱ መካከል ቆሞ ሳለ መነጽሩ በገደል አፋፍ ላይ እንደሚሮጥ አድርጎ ያሳየዋል። ዐይን «እንሮጣለን» ይላል፤ ጆሮ «ከቦታችን አልተነሣንም» ይላል። በአውቶቡሱ ውስጥ ዐይን ያላየውን ጆሮ ያውቃል፤ በመነጽሩ ውስጥ ግን ጆሮ ያላወቀውን ዐይን ይመሰክራል። ዊሊያም ጄምስ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1882 ከ500 የሚበልጡ መስማት የተሳናቸውን ሰዎች መርምሮ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ቢሽከረከሩ እንኳ እንደማያዞራቸው ተረዳ። የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የጠፋበት ሰው መርከብም እንደማያጥወለውለው ከዚያ በኋላ የመጡት ሊቃውንት አረጋግጠዋል። ሁለተኛው ምስክር ዝም ካለ ጠብ የለምና።

ነገር ግን ዐይንና ጆሮ ቢጣሉ ሆድ ምን አገባው? ትሬዝማን የሚባል ሊቅ በ1977 በጻፈው ሐሳብ እንዲህ ሲል አስረዳ፦ አንዳንድ መርዝ ሲበላ የዐይንንና የጆሮን ስምምነት ያፈርሳል፤ ስለዚህ ሰውነት እንዲህ ያለውን ሁከት ሲያይ መርዝ የተበላ መስሎት ያገኘውን ሁሉ ለማስወጣት ይቸኩላል። ይህ ሐሳብ ገና የተቆረጠ ፍርድ አይደለም፤ ቢሆንም ሆድን በሌሊት ኮሽታ እንደሚነቃ ዘበኛ እንድንመለከተው ያደርገናል። ዘበኛ አንዳንድ ጊዜ ያለ ነገር ይጮሃል፤ ነገር ግን ስለ ጮኸ ብሎ የሚደበድበው ባለቤት ሞኝ ነው።

በዚያው በጣርማ በር ቁልቁለት ሾፌሩን ተመልከቱት። ተሳፋሪው ሁሉ ሲታወክ እርሱ ደኅና ነው። ምክንያቱ መዞሪያው ከመምጣቱ በፊት ስለሚያየውና መሪውን የሚያዞረው እርሱ ራሱ ስለ ሆነ ነው፤ ያው ሾፌር በሌላ ቀን ከኋላ ወንበር ቢቀመጥ ሊያመው ይችላል። ከዚህ የምንማረው፣ ሰው በገዛ አካሉ ሲንቀሳቀስ ጤና እንደሚሰማው፣ ሌላ ሲያንቀሳቅሰው ግን እንደሚታወክ ነው። የመነጽሩንም ጨዋታዎች መመዘን የሚገባን በዚሁ ሚዛን ነው። ሥዕሉ አማረ፣ ድምፁ ደመቀ ብሎ ማመስገን ብቻ አይበቃም፤ ጨዋታው ለተጫዋቹ ሰውነት እውነት ይናገራል ወይስ ይዋሻል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ2018 የወጣው ‹ቢት ሴበር› ከእውነተኞቹ ወገን ነው። ተጫዋቹ በቦታው ይቆማል፤ በሙዚቃው ምት የሚመጡትን ኩቦች በሁለት የብርሃን ሰይፍ ይቆርጣል። እጁን ሲያነሣ በእውነት ያነሣል፤ ጎንበስ ሲል በእውነት ጎንበስ ይላል። ታሪክ የለውም፤ ጥልቅ ሐሳብም አይገኝበትም፤ ነገር ግን ያስልባል እንጂ ብዙውን ሰው አያጥወለውልም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2020 ያወጣው ‹ሃፍ ላይፍ፦ አሊክስ› ደግሞ ከዚህ የበለጠ ጥበብ አለበት። በዚያ ተጫዋቹ ሊደርስበት ወደሚፈልገው ቦታ በእጁ ይጠቁማል፤ ወዲያው በዚያ ይገኛል። ይህ ማታለል አይደለም። የአገራችን ተረት ነጋሪ «ሄደ፣ ሄደና ከንጉሡ ከተማ ደረሰ» ብሎ መንገዱን ሲዘልል ማንም ውሸታም እንደማይለው ነው። ዐይን መንገዱን ስላላየ ጆሮን አይቃወምም። በጆይስቲክ መሄድ የሚወድም እንደ ምርጫው እንዲሄድ ተፈቅዶለታል።

በሦስተኛው ወገን ያሉት ግን ተጫዋቹን በወንበር አስቀምጠው በጆይስቲክ የሚያስሮጡት፣ የሚያሽከረክሩትና ከገደል የሚወረውሩት ናቸው። በ2017 ለቴሌቪዥንም ለመነጽሩም የወጣው አስፈሪው ‹ሬዚደንት ኢቭል 7› ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በትንሽ በትንሹ እየቆረጠ የሚያዞር ማስተካከያ ቢኖረውም በጨለማው ቤት ውስጥ ያጥወለወላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ፍርሃትን በማሳየት ረገድ የተዋጣለት ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ከድንጋጤው የቱ ከታሪኩ፣ የቱ ከጆሮ ጠብ እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ጥሩ ደራሲ አንባቢውን በቃሉ ያስደነግጠዋል እንጂ ወንበሩን ከሥሩ አይነቀንቅበትም።

የመነጽሩ ሠሪዎች ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ መድኃኒትም ከመፈለግ አልቦዘኑም። ሥዕሉ በሴኮንድ 90 ጊዜ ያህል እንዲታደስ፣ ራስ ከዞረ በኋላም ከአንድ ሴኮንድ ሃምሳኛ እጅ ሳይዘገይ እንዲከተል ደክመዋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፈርናንዴስና ፋይነር የተባሉ ሊቃውንት በ2016 እንዳሳዩት፣ ተጫዋቹ ሲንቀሳቀስ የሥዕሉን ዳር ዳር በቀስታ ማጥበብ ሕመሙን ይቀንሳል። የሜታ መደብርም ጨዋታዎቹን ምቹ፣ መካከለኛና ከባድ እያለ ይለያቸዋል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ በተለይ የመጨረሻው ለገዢው እውነቱን አስቀድሞ መንገር ነውና። ሆኖም የቀረው ሁሉ እንደ ተሳፋሪው ሎሚ ነው፤ ሎሚ ይጠቅማል፣ ነገር ግን ጠማማውን መንገድ አያቀናውም።

አንድ ወጣት «መልመድ አይቻልም ወይ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለምን?» ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል። እውነቱን ነው፤ መርከበኛ ባሕርን ይለምዳል። ነገር ግን ምሳሌው ቀስ በቀስ ይላል እንጂ በግድ አይልም። ማዛጋት፣ የምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲመጣ ወዲያው መነጽሩን አውልቆ በሌላ ቀን ጥቂት ደቂቃ የሚጨምር ሰው ሊለምድ ይችላል። «ወንድ ነኝ» ብሎ ጥርሱን ነክሶ የሚቀጥል ግን የሚያተርፈው ሕመሙን ማክበድ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም በኋላ መነጽሩን ገና ሲያየው ማጥወልወል ይጀምረዋል። የእንግሊዙ ታላቅ የባሕር አዛዥ ኔልሰን ዕድሜውን በመርከብ ላይ ሲያሳልፍ ባሕሩ ያጥወለውለው ነበር፤ በጀግንነቱ ግን የተጠራጠረ የለም። እንግዲህ በጓደኛው የሚሥቅ ልጅ የሚሥቀው ሥራውን በትክክል በሚሠራ ጆሮ ላይ መሆኑን ይወቅ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ብልቶች ሲጽፍ፣ ደካማ የሚመስለው ብልት ይበልጥ እንደሚያስፈልግ ያስተማረው ለዚህም ይሠራል።

ነገሩ ከመሣቅ አልፎ የሕይወት ጉዳይ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። መነጽሩ ከወለቀ በኋላ ማዞሩና የእግር አለመጽናቱ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። በአሜሪካ የጦር ክፍሎች በማስመሰያ መሣሪያ ተለማምዶ የታመመ አብራሪ የተወሰነ ሰዓት ሳያልፍ እውነተኛ አውሮፕላን እንዳይነዳ የሚከለክል ደንብ የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እየዞረበት ከመነጽር ተነሥቶ ወዲያው ባጃጅ ወይም ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ራሱን ብቻ ሳይሆን በመንገድ ዳር የሚሄደውን ሕፃን ለአደጋ ይሰጣል።

ዐይን ሄዶ ሰውነት የሚቀርበት ሌላም መስኮት አለ፤ እርሱም በእጃችን ያለው ስልክ ነው። ከይፋትና ከወሎ ብዙ ወጣት የባሕር ማዶን ኑሮ በስልክ ሥዕል ካየ በኋላ በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሻገር ተነሥቷል። ሥዕሉ ፎቁንና መኪናውን ያሳያል፤ ጥሙን፣ ሙቀቱንና የጀልባውን መገልበጥ አያሳይም። መነጽሩ ቢዋሽ ቢያንስ ጆሮ ይቃወመዋል፣ ሆድ ይጮሃል። የስልኩ ሥዕል ሲዋሽ ግን የሚጮህ ብልት የለምና፣ የዘበኛውን ሥራ ማስተዋል ራሱ መሥራት አለበት።

እንግዲህ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፣ መነጽሩን ሽሹት አልላችሁም፤ ጥበብ ነውና ሞክሩት። ስትሞክሩት ግን ሰፊ ቦታ ምረጡ፤ በቁማችሁ፣ በገዛ እጃችሁና በገዛ ራሳችሁ የምትንቀሳቀሱበትን ጨዋታ አስቀድሙ፤ የመጀመሪያው የማዞር ምልክት ሲመጣ አውልቁት፤ ጓደኛችሁም ቢታመም በጣርማ በር ላይ ለማታውቁት መንገደኛ እንደምታደርጉት ውኃ አቅርቡለት፣ መስኮቱንም ክፈቱለት። ሰውነታችሁ «ይህ እውነት አይደለም» ብሎ ሲነግራችሁ መስማትን ከልጅነታችሁ ከለመዳችሁ፣ በኋላ ዘመናችሁም ሌላው ሁሉ እያጨበጨበ ኅሊናችሁ ብቻውን በሚቃወምበት ቀን ድምፁን ለመለየት አትቸገሩም።