ፓይዘንን በዱቤ መዝገብ መፈተን

ፓይዘን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያሞግሱ ሰዎች የሚያሳዩን ኮድ አያሳፍራቸውም፤ ሦስት መስመር ነው፣ ውስጡ እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ ገና ሲነካ ይሠራል። በእንዲህ ያለ ማሳያ የማያምር ቋንቋ የለም። ቋንቋውን ከምር መመዘን የሚሻ ሰው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 1 ሰፈር ውስጥ የአንድ ሐበሻ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ይስጠው፤ ስሙ በአማርኛ፣ ቀኑ ግማሹ በኢትዮጵያ ግማሹ በፈረንጅ፣ ሂሳቡ በፍራንክና በብር፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንሳይኛ የተስተካከለ። እኔ ፓይዘንን እወደዋለሁ፤ እንዲህ ሲፈተን የማየው ግን አንድ ነገር ነው፦ ሲሳሳት ይናገራል ወይስ ዝም ይላል?

ከቀኑ እንጀምር። ጳጉሜን 3 ቀን 2016ን በ13ኛ ወርነት ብንሰጠው፣ ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ያቆመናል። የእኛን አቆጣጠር አለማወቁ ጉድለት ነው፤ ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር ጉድለት ስለሆነ አልቀየመውም። ጥቅምት 20ን በ2ኛ ወርነት ስንሰጠው ነው ጉዱ፤ ፌብሩዋሪ 20 ነው ብሎ ይቀበላል፣ ዕዳውም ከነስሕተቱ መዝገብ ይገባል። ስሕተቱ የሚጋለጠው ምናልባት አንድ ደንበኛ ጥቅምት 30 የወሰደ ዕለት ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የለምና። መፍትሔው ራሱ ቋንቋው ውስጥ አለ። ፓይዘን ቀናትን በተራ ቁጥር መቁጠር ይችላል፤ በሱ ቆጠራ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 2796ኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ለዓመቱ 365፣ ለወሩ ሠላሳ ሠላሳ ቀን እየደመሩ በየአራት ዓመቱ አንድ መጨመር ነው፤ ከአሥር መስመር አያልፍም።

ገንዘቡ ላይ ግን ዝምታው ይከፋል። በጅቡቲ ፍራንክ ሳንቲም አይሠራበትም፤ ከብር የተመነዘረ ሂሳብ ሁሉ ወደ ሙሉ ፍራንክ መጠጋጋት አለበት። ራውንድ የሚባለውን ትእዛዝ 3.5 ብንሰጠው 4 ይላል፤ 2.5 ብንሰጠው ደግሞ 2። ግማሽ ሲያጋጥመው ቅርብ ወዳለው ተጋማሽ ቁጥር ይሄዳል፤ ግማሹ ሁሉ ወደ ላይ ሲጠጋጋ ድምሩ እንዳያብጥ ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣው ከፓይዘን 3 ጋር የመጣ ልማድ ነው፣ ምክንያቱም የማይናቅ ነው። በወረቀት የደመረ ባለሱቅ ፊት ግን ይህን ማስረዳት አይሞከርም። ዴሲማል የተባለውን ክፍል ጠርቶ የማጠጋጊያውን ደንብ ራስ መወሰን ይሻላል።

ስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»ና «ሃይሉ» ለፓይዘን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ዕዳው ሦስት ቦታ ሲበተን ቃል አይተነፍስም። ይህን እንኳ በሱ ላይ አልጭንበትም፤ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ሰንጠረዥ መሥራት የእኛ ድርሻ ነው። በግዕዝ ቁጥር ግን ያስቃል፤ ፭ አሃዝ ነው ወይ ሲሉት አዎ ይላል፣ ወደ ቁጥር ቀይረው ሲሉት እምቢ ይላል።

ዘገምተኛ ነው ለሚሉት፣ ነው። ለዱቤ መዝገብ ማን ይቸኩላል?

የሚገባውን ልስጠው፦ እስካሁን የጠቀስኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ፣ ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ጭምር፣ ከቋንቋው ጋር አብረው ይመጣሉ። ጅቡቲ የባሕር ሥር ኬብሎች መገናኛ ሆና ሳለ ኢንተርኔቷ ለነዋሪው ርካሽ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ሥራ ሌላ ነገር ከሚያስወርድ ቋንቋ ይሄኛው ይመረጣል።

የማልምረው ፋይል አከፋፈቱን ነው። በፈረንሳይኛ በተስተካከለ ዊንዶውስ ላይ፣ በምን ኤንኮዲንግ እንደሚያነብ ካልነገሩት የምዕራብ አውሮፓን የፊደል ሰንጠረዥ ይወስዳል። ያን ጊዜ «ሀ»ን ወደ ሦስት ባዕድ ምልክቶች አዛብቶ በሰላም ያልፋል፤ «ሁ» ሲመጣ ግን ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የሌለው ባይት ስለሚያጋጥመው ይቆማል። አራት ነጥብ ላይም ይቆማል። ብዙ ትናንሽ ስሞች ተዛብተው ሲያልፉ ረጅሙ ማስታወሻ ይጮኻል ማለት ነው፤ ግማሽ ዝምታ ከሙሉው ይልቅ አሳሳች ነው። የአማርኛን ፊደል በትክክል የሚያነበው ዩቲኤፍ-8 ነባሪ እንዲሆን የተወሰነው ለ3.15 እትም ነው። ሱቆቹ ውስጥ ያሉት አሮጌ ላፕቶፖች እዚያ እትም እስኪደርሱ ድረስ፣ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኤንኮዲንጉን በእጅ መጻፍ ግድ ነው።