«ወገቤን ያዘኝ»

ከኅዳር ጀምሮ በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት የቦረና ማሳዎች አጫጁ እንዳጎነበሰ ይውላል። በግራ እጁ አዝመራውን ጨብጦ በቀኙ ማጭዱን ይስባል፤ ቀና የሚለው ነዶ ለማሰር ወይም ውሃ ለመጎንጨት ነው። ማታ ላይ «ወገቤ ተቆረጠ» የማይል ጥቂት ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ግን ወገቡን ይዞት ለመጣ ሰው «ምን አነሱ?» ብሎ አያበቃም። «ከዚያ በፊት ምን ሲሠሩ ከረሙ?» ይላል፤ ሙያው ያለውም እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ዓመቱን ቢሮ ተቀምጦ የከረመ ልጅ አባቱን ሊያግዝ ማሳ ይወርድና በማግስቱ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አባት ደግሞ በማለዳ ማጭዳቸውን ይዘው ይወጣሉ። የአባትየው አከርካሪ ከልጁ የበለጠ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም፤ ጡንቻና ጅማት የለመዱትን ሸክም ይችላሉ፣ ድንገት የበዛባቸው ግን ያማቸዋል።

ሌላም አለ። ቀድሞ ወገቡን ታሞ የሚያውቅ ሰው እንደገና የመታመም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ማጨስ፣ የክብደት መጨመር፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ያባብሱታል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በገመድ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናት 20 ኪሎ ተሸክማለች፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ ሊጥና ምጣድ ይጠብቋታል። እርሷን «ከባድ ነገር አታንሺ» ብሎ መሸኘት ምክር አይባልም። ሸክሙን ከፍሎ መመላለስንና ከቤተሰቡ ማን እንደሚያግዛት አብሮ ማሰብ ይሻላል።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከመቶው ዘጠናው ገደማ ይህ ነው የሚባል የአካል ጉዳት አይገኝበትም። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለው ወሬ ብዙዎችን ከሥራ አስቀርቷል፤ ነገር ግን ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች እንኳ 30 በመቶው በኤምአርአይ ሲታዩ ያበጠ ዲስክ ይገኝባቸዋል። ለቀናት መተኛትም አይረዳም፤ እየተራመዱ፣ ሥራን እየቀነሱ መቀጠል ይበጃል።

ጥቂት ምልክቶች ግን ጊዜ አይሰጡም። ከወገብ ሕመም ጋር ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳይታሽ መመርመር አለበት። እግር ከዛለ፣ በጭን መካከል ያለው ገላ ከደነዘዘ ወይም ሽንት እምቢ ካለ፣ ወጌሻ ጋ ሳይሄዱ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ።