አረንጓዴ ቀለም አይፈጭም

መቀሌ ውስጥ የታደሰ የወፍጮ ሞተር የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየው ቀለሙን ነው። ሊስተር የተባለው የእንግሊዝ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ አረንጓዴ ነበርና አረንጓዴ ይለቀልቁታል፤ ትንሽ የተጨነቀ ሻጭ ሁለቱን ቮላኖዎች በቀይ ይከባቸዋል። የገዢው ዓይን እዚያው ይቀራል። እኔ ግን ጣቴን ከቮላኖው ጀርባ እሰዳለሁ። የቆየ ግራሶና የዱቄት ብናኝ እዚያ ተጋግሮ ቀለም ከላዩ ካለፈበት ሞተሩ ተፈትቶ አያውቅም። በወጉ የተፈታ ሞተር እያንዳንዱ አካሉ ለብቻው ታጥቦ ለብቻው ይቀባል፤ ቀለሙም የዘይት ቀዳዳ አይደፍንም፣ የስም ሰሌዳ አይውጥም። ሰሌዳው ቀለም ከተቀባ ምን ተጽፎበት እንደነበር መጠየቅ ደግ ነው።

ሰሌዳ ብዙ ይናገራልና። ሲ ኤስ የሚባለው የሊስተር ናፍጣ ሞተር እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተርሻየር፣ ዱርስሊ በምትባል ከተማ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተሠራ ነው። ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሳው ባለ አንድ ሲሊንደሩ ባለ 6 ፈረስ ጉልበት በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል፤ የሲሊንደሩ ስፋት 114 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 140 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እንግሊዞቹ ማምረት ካቆሙ በኋላም ህንዶች በተለይ ራጅኮት ላይ እየቀዱ መሥራታቸውን አልተዉም። ቅጂ መሆኑ ብቻውን ነውር የለበትም። የህንዶቹ ችግር ሌላ ነው፦ የቀለጠው ብረት የፈሰሰበት አሸዋ አንዳንድ ጊዜ በደንብ ሳይጠረግ በሞተሩ ሆድ ውስጥ ይቀራል። ይሄ አሸዋ ከዘይቱ ጋር እየዞረ ዘንጉ የሚዞርበትን ብሮንዚና ይበላዋል። ስለዚህ የጎን ክዳኑን አስከፍቱና ነጭ ጨርቅ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ ማዕዘኖቹን ጥረጉ። ጥሩ መካኒክ ይህን ስታደርጉ አይቆጣም፤ ጨርቁን ራሱ ያቀብላችኋል።

ከዚያ ወደ ውሃው። እዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ ያስፈልጋል፤ መቀሌና ዙሪያዋ የተቀመጡት በኖራ ድንጋይ ላይ ነው፣ ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃም ያንን ኖራ ይዞ ይመጣል። በየቤቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በሞተሩ ውስጥም ይጋገራል። አሮጌው ሊስተር ብዙውን ጊዜ የውሃ ፓምፕ የለውም። ከጎኑ በርሜል ይቆማል፤ የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል፣ በቃ። የሚያንቀሳቅሰው የሙቀት ልዩነት ብቻ ስለሆነ መንገዱ በጥቂቱ እንኳ ከጠበበ ዝውውሩ ይዳከማል። ያን ጊዜ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ቴስታታው፣ ይጋላል፤ ቀስ እያለም በሁለቱ ቫልቮላዎች መካከል ይሰነጠቃል። ከውጭ ሲታይ ግን ምንም የለውም፤ ቀለሙም ያምራል።

ሞተሩ ገና ሳይታሰር የምትደርሱ ከሆነ ቴስታታውን አንሱና በውሃ ቀዳዳዎቹ ሽቦ ስደዱ። ሽቦው ከወዲያኛው በነጻ መውጣት አለበት። ታስሮ ከጠበቃችሁ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል በሥራ ላይ አቆዩትና ሁለቱን ቱቦዎች በእጃችሁ ዳስሱ፦ የላይኛው ሊያቃጥል፣ የታችኛው ለብ ሊል ይገባል። ቴስታታው እየጋለ የላይኛው ቱቦ ከቀዘቀዘ መንገዱ ተዘግቷል። ኖራውን በመዶሻ እያንኳኳ ለማራገፍ የሚሞክር መካኒክ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። ቅርፊቱን በኮምጣጤ ወይም ደካማ በሆነ አሲድ ዘፍዝፎ፣ አለቅልቆ፣ ደግሞ ዘፍዝፎ የሚያወጣው ትዕግሥት ያለው ሰው ነው፤ ያ ትዕግሥት ሌላውም ቦታ ላይ ይገኛል።

ፒስተኑ ላይ ያለው የተለመደ ማታለያ ደግሞ አዲስ ፋሻ፣ ማለትም የፒስተን ቀለበት፣ ፒስተኑ በሚመላለስበት የተበላ ካሚቻ ውስጥ መክተት ነው። ርካሽ ነው፣ ለጥቂት ሳምንትም ይሠራል። ካሚቻው ሲበላ ፋሻው የማይደርስበት ከላይ ያለው ጠርዝ እንደነበረ ስለሚቀር ደረጃ ይሠራል። በጥፍራችሁ ከታች ወደ ላይ ሳቡት፤ ጥፍር ከያዘ ካሚቻው መቀየር ወይም ቶርኖ ቤት መሄድ ነበረበት። አዲሱ ፋሻ ያንን ደረጃ እየመታ ይሰበራል። ጠንቃቃ መካኒክ ሌላም ያደርጋል፦ ቀጭን የእርሳስ ሽቦ በፒስተኑ አናት ላይ አስቀምጦ፣ ቴስታታውን አስሮ፣ ሞተሩን በእጅ አንድ ጊዜ ያዞረዋል፤ ከዚያ ፈትቶ የተደፈጠጠውን ሽቦ ውፍረት ይለካል። በፒስተኑና በቴስታታው መካከል የቀረውን ክፍተት የሚያውቀው በዚህ ነው። በመካከላቸው የሚገባውን ጓርኒሲዮን በግምት የሚመርጥና ለክቶ የሚመርጥ ሰው እዚህ ይለያያሉ። "ስንት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥር የሚመልስ ከሆነ ደህና እጅ ውስጥ ናችሁ።

አሁን ይነሳ። የእመቃ መልቀቂያውን ማንሻ አንስቶ በማኒቬላ ማዞር፣ ቮላኖው ፍጥነት ሲይዝ ማንሻውን መልቀቅ። ገና ሳይነሳ፣ ቀስ ተብሎ በእጅ ሲዞር፣ ኖዝሉ ናፍጣ በረጨ ቁጥር አጭር ጩኸት ይሰማል፤ ድምፅ ከሌለው ወይም የሚያንጠባጥብ ዓይነት ከሆነ ኖዝሉ አልተነካም ማለት ነው። ከተነሳ በኋላ ጆሯችሁን ለምቱ ስጡ። በ650 ዙር በሴኮንድ ከአምስት ትንሽ የሚበልጥ ምት ነው፤ እኩል መሆኑ እንጂ መጮሁ አይደለም የሚፈለገው። አንዳንድ ባለወፍጮዎች መንደሩ ወፍጮው መሥራቱን እንዲያውቅ የጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ቆርቆሮ ያስራሉ። ደስ የሚል ድምፅ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ለምርመራ ግን ይፈታ፣ የተላላ ቢየላን ማንኳኳት ይሸፍናልና።

ስለ ጭሱ ብዙዎች የሚያውቁት አለ፦ ሰማያዊው ዘይት፣ ነጩ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይም ውሃ፣ ጥቁሩ የበዛ ናፍጣ ነው። የሚረሳው ከፍታው ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ባለ 6 ፈረስ ጉልበቱ ሞተርም እዚህ ወደ 5 ይወርዳል። ከሳጥኑ እንደወጣ የናፍጣ ፓምፑን የሚያስር መካኒክ ለዱርስሊ ወይም ለራጅኮት አየር የተለካ ናፍጣ ነው የሚሰጠው፤ ሞተሩም ሸክም ሲበዛበት ጥቁር ይተፋል። ገዢው "ጉልበት አነሰው" ይልና ናፍጣው እንዲጨመርለት ያደርጋል፤ ጭሱ ይብሳል፣ ቫልቮላው ይቃጠላል። አገሩን የሚያውቅ እጅ የናፍጣውን መጠን ይቀንሳል፤ ጉልበቱ ትንሽ መሆኑንም ቀድሞ ይነግራችኋል።

ባዶውን የሚዞር ሞተር ሁሉ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ቺንጋው ይታሰር፣ እህል ይግባ። ድንጋዩ በቅርቡ የተወቀረ መሆኑን አረጋግጡ፣ የደነዘ ድንጋይ ጤነኛ ሞተር ያሳማል። እህሉ በሙሉ እየፈሰሰ ሳለ ድንገት ዝጉት፦ ፍጥነት መቆጣጠሪያው በአንድ ሁለት ምት ውስጥ ሊይዘው ይገባል። ሞተሩ ቱር ብሎ ወጥቶ ዘግይቶ ከተመለሰ የሞላው ወይም የመገናኛው ነገር ተረስቷል።

በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015፣ ለተጠገነ ሞተር መለኪያዬ ይለያል። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ፣ ናፍጣና መለዋወጫ መግባት ተከልክሎ ነበር። ያኔ ታስሮ የነበረ ሞተር ስትከፍቱ ከጎማ ወይም ከካርቶን የተቆረጠ ጓርኒሲዮን፣ ከሌላ ማሽን የመጣ ብሎን ብታገኙ በመካኒኩ አትፍረዱ። የምፈርደው ዛሬ ያንን አይቶ እንዳለ በሚተወው ላይ ነው። በአሥመራም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በጦርነት የፈረሰውን የምጽዋ ባቡር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች ተጠርተው አነሱት፤ እ.ኤ.አ. በ1938 በአንሳልዶ ፋብሪካ የተሠሩትን የእንፋሎት ሞተሮች በዚያው በአሥመራ ወርክሾፕ መለዋወጫ እያበጁላቸው ወደ ሥራ መለሱ። ሐዲዱም እ.ኤ.አ. በ2003 አሥመራ ደረሰ። የነዚያ ሞተሮች ውበት ሥራቸው ላይ ነው። በአውሮፓ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የእንፋሎት ሞተር ሞዴሎችን የሚሰበስቡ ሰዎችም የፋብሪካውን ቀለም ሳይነካ፣ የተበላውን ብቻ የቀየረ ሥራ ይበልጥ ዋጋ ያወጣል ይላሉ። ስቱዋርት ተርነር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሲሊንደሩ 19 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ ሞተር ሠርቷል፤ እሷም የምትመዘነው እንደ ትልቁ ነው፦ ቮላኖዋ በጣት ሲገፋ ሳትንገጫገጭ መዞሯን ማየት ነው።

ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የወጡት አሮጌ ዕቃዎች ይቅረቡ፤ የተበላው ብሮንዚና፣ የተሰበረው ፋሻ፣ ሁሉም በጆንያ። አዲስ ነው የተባለው ሁሉ አሮጌ አቻ ሊኖረው ይገባል፤ ጆንያው ቀሎ ሒሳቡ ከከበደ ነገሩ ገብቷችኋል። ሁለተኛ፣ በማግስቱ ማለዳ ሳይሞቅ ሲነሳ እንድታዩ ይፍቀዱላችሁ። ቀድማችሁ ድረሱ፣ ቴስታታውንም በእጃችሁ ንኩት፤ ለብ ካለ ሻጩ ቀድሟችኋል።